የእናቴ ወገብ እና ቤስ ሜንሰንዲክ የምትባል ሴት፦ የምታውቁ ካላችሁ

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ግን አሁንም ገጠር ናት፣ ከደምበጫ ወጣ ብላ። 58 ዓመቷ ነው። ወገቧን መታመም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። "ዛሬስ ቆረጠኝ" ትልና መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ነው። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ራጅ ተነሳች፣ ኪኒን ታዘዘላት፣ "ከባድ ነገር እንዳታነሺ" ተባለች። እሺ ብላ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ጀሪካኗን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አገኘኋት። ምን ታድርግ? ውሃው እግር አውጥቶ አይመጣላት።

ለፋሲካ ስሄድ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ስትሠራ ተከታትዬ አየኋት። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ያየሁት ነው፣ ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ምንጩ ጋ ቁጢጥ ትላለች፣ ጀርባዋን ለጀሪካኑ ትሰጣለች፣ ገመዱን በትከሻዋና በደረቷ ታዞራለች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ አንድ እጇን መሬት ላይ ተክላ "በስመ አብ" ብላ ስትነሳ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ጀሪካኑ 20 ሊትር ነው። 20 ኪሎ ማለት ነው። ቤት ስትገባም እረፍት የለም። ቡሃቃው መሬት ላይ ነው፣ ታጎነብሳለች። ምጣዱ ጉልቻ ላይ ነው፣ ታጎነብሳለች። መጥረጊያው እጀታ የለውም፣ ታጎነብሳለች። ከጠዋት እስከ ምሳ ቀጥ ብላ ያየኋት ልብስ ገመድ ላይ ስታሰጣ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወገብ ሕመም ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ቤስ ሜንሰንዲክ የሚል ስም አገኘሁ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሴቶችን እንዴት እንደሚቆሙ፣ እንደሚቀመጡ፣ ዕቃ እንደሚያነሱ ታስተምር የነበረች ሐኪም ናት ይላል። ስፖርት ቤት ሂዱ ሳይሆን የቤት ሥራችሁን ራሱን እንቅስቃሴ አድርጉት ትል ነበር አሉ። ይቺ ነገር ልቤን ነካችው። እናቴን ስፖርት ሥሪ ብላት ትስቅብኛለች። ሥራሽን እንዲህ አድርገሽ ሥሪው ብላት ግን ምናልባት ትሰማኝ ይሆናል።

እና ጥያቄዬ፦ ይቺን ሴት የሚያውቅ አለ? ትምህርቷ ለጎጃም ገበሬ ሴት ይሆናል? ሌላም አለኝ። የማስተምራቸው ሴቶች ልጆች ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ትከሻቸውን እየሰበሰቡ ደረታቸውን መደበቅ ይጀምራሉ። ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብለው ነው የሚውሉት። ለእነሱስ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ሞጣ በኦስሎ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእናቴ ታሪክ ነው። የእኔም ነው።

እኔ ኦስሎ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። የጽዳት ሥራ ነው የምሠራው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ወገቤ አልነሳ አለኝ፤ ካልሲ ማድረግ ሁሉ ያቅተኝ ነበር። ሐኪሙ የላከኝ የሜንሰንዲክ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ጋ ነው። እዚህ በዚህ ስም የሚጠራ ሙያ አለ። ኦስሎ ውስጥ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ኔዘርላንድስም በስሟ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ ስሙን ያወቅሁት በራሴ ወገብ ነው ማለት ይቻላል፤ ኋላ ላይ ስለ ሴትዮዋ ራሷ አነበብኩ።

አሜሪካዊት ናት። መጀመሪያ የተማረችው ሕክምና አልነበረም፤ ፓሪስ ሄዳ ቅርጻ ቅርጽ ነው ያጠናችው። ይሄን ልብ በሉት፣ ምክንያቱም ዓይኗ የተሠራው እዚያ ይመስለኛል። ሰውን ቆሞ አይታ ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ፣ የትኛው ጎን እንደዘመመ መለየት የቀራፂ ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ዙሪክ ሄዳ ሕክምና ተማረች። ያኔ ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት በራቸውን ዘግተው ነበር፤ ዙሪክ ግን እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ ሴቶችን ይቀበል ስለነበር ከየአገሩ እዚያ ይጎርፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ሴት አካል አያያዝ በጀርመንኛ መጽሐፍ አሳተመች፣ ደጋግሞ ታተመ። የምትከራከረው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ኮርሴት ነው፦ ወገብና ሆድን በጠንካራ ዘንግና በክር ጠፍሮ የሚይዝ የውስጥ ልብስ። ልብሱ ሰውነትን ደግፎ ሲይዘው የሆድና የጀርባ ጡንቻ ሥራ ይፈታል፣ ይልማል። ሁለተኛው የጊዜው ጂምናስቲክ ነው። ለወታደር የተሠራ "ግራ ቀኝ" ነበር፤ ያንኑ አምጥተው ለሴት መስጠት ጥቅም የለውም አለች። የሷ መንገድ ቀስ ያለ ነው። መሣሪያ የለውም። ሴትየዋ መጀመሪያ የራሷን ጡንቻ ታውቀዋለች፣ የቱ ሲሳብ ምን እንደሚነሳ ትማራለች፣ ከዚያ በመስተዋት እያየች ራሷን ታርማለች። መጨረሻ ላይ ያንን ወደ ደረጃ መውጣት፣ ወደ መቀመጥ፣ ወደ መጥረግ፣ ወደ ዕቃ ማንሳት ትወስደዋለች። ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነገር በትክክል ከተደረገ ያጠነክራል፣ በስህተት ከተደረገ ይጎዳል። ሐሳቧ ይሄው ነው።

አሁን ስለ መስተዋቱ። ባለሙያዋ "ልብስሽን አውልቂና ቁሚ" ስትለኝ አልተዋጠልኝም። በሜንሰንዲክ ዘመን ተማሪዎቹ ራቁታቸውን መስተዋት ፊት ይቆሙ ነበር፣ መጽሐፏ ውስጥ ያሉት ፎቶዎችም እንደዚያው ናቸው። ጡንቻው ሲሠራ መታየት አለበት ብላ ነው። እኔ ግን ጠባብ ቲሸርትና ታይት ለብሼ ነው የሠራሁት፣ ምንም አልጎደለብኝም። ስለዚህ ይሄ ማንንም እንዳያስፈራ።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለችኝ፣ ቆምኩ። ቀጥ ያልኩ መስሎኝ ነበር። መስተዋቱን ሳይ ክብደቴ በሙሉ ቀኝ እግሬ ላይ ነው፣ ዳሌዬ ወደ ጎን ወጥቷል፣ ሆዴ ተለቋል፣ አንገቴ ከትከሻዬ ቀድሞ ሄዷል። ቅዳሴ ላይ ሰዓት ሙሉ ስቆም አንዱን እግር እያሳረፍኩ ነው ያደግሁት። መቋሚያ የሚይዙት ካህናቱ ናቸው፣ እኛ ሴቶች በአንድ እግር ነው የምንቋቋመው። ባለሙያዋ ተንበርክካ እግሬን በጣቷ ነካችው። ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር። "እነዚህን ሦስቱን እኩል ተጫኚ" አለችኝ። ጉልበቴን ላላ፣ ከዚያ የራስ ቅሌን አናት ወደ ላይ የሚስብ ክር እንዳለ አድርጌ። በቃ ይሄ ብቻ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ትምህርት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ የጽዳት ባልዲዬን አስመጣችኝና እያነሳሁ እያስቀመጥኩ ዋልኩ።

አራት ወር ፈጀብኝ። ተአምር አይደለም። ግን ዛሬ ባልዲውን ሳነሳ አስቤበት ነው የማነሳው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እውነቱ መነገር ስላለበት፦ የሜንሰንዲክ ተማሪዎች በብዛት ገንዘብና ጊዜ ያላቸው የከተማ ሴቶች ነበሩ። እንስራ የሚሸከም አልነበረባቸውም። ያን ለእኛ የማምጣቱ ሥራ የእኛ ነው።

ጮቄ ሥር

እህቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ነገር ልቤ አይረካም። የእናቶቻችን ወገብ የጎበጠው መቆም ስላላወቁ አይደለም። ጭነት ነው ያጎበጠው። 20 ኪሎ ውሃ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ዳገት ለምትወጣ ሴት "ክብደትሽን በሁለት እግርሽ አሳርፊ" ማለት ምን ይፈይድላታል?

እናቴ ዛሬም የምታነሳው ወፍጮ የገባበትን ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሌሊት ተነስታ በመጅ ነበር የምትፈጨው፣ ተንበርክካ፣ ሙሉ ሰውነቷን ወደ ፊት ወደ ኋላ እየወረወረች። "ከመጅ የገላገለን ይባረክ" ትላለች። አቋም ያስተማራት የለም። መጁ ነው የተነሳላት። ወገቧ ያረፈው ያኔ ነው።

ሌላው ደግሞ እኛ ወንዶቹ ነን። የእኛ አህያ እህል ተጭና ገበያ ትሄዳለች፣ ውሃው ግን በእናታችን ጀርባ ነው የሚመጣው። ለምን? ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ከታየ ይሳቅበታል። እኔ ወንድሞቼን ጨምሬ ተሰብስበን ተነጋገርንበትና አህያዋ ላይ በግራና ቀኝ ጀሪካን መጫን ጀመርን። የመጀመሪያው ሳምንት ተሳቀብን። አሁን ሦስት ቤት እንደኛ ያደርጋል። መጀመሪያ ጭነቱን ከጀርባዋ እናውርድላት። ስለ መስተዋቱ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

የፍኖተ ሰላም መምህር

ወንድሜ ጮቄ፣ ስለ አህያዋ የጻፍከውን ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ነው፣ ወንዶቹ ይስሙት። ግን "ከዚያ በኋላ" በምትለው አልስማማም። ቧንቧው እስኪገባ፣ ሁሉም ቤት አህያ እስኪኖረው፣ ሴትየዋ ነገ ጠዋትም ትነሳለች፣ ትሸከማለች። ነገ ጠዋት የሚያግዛት ነገር ካለ ለምን ትከለከል?

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስለሆንኩ ስለ ልጆቹ ልመልስ። እህቴ፣ ያየሽውን እኔም በየዓመቱ አያለሁ። አምስተኛ ክፍል እንደ ሚዳቋ የምትሮጥ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ሜዳው ዳር ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። ምክንያቱን በቋንቋችን ውስጥ ታገኚዋለሽ። ጨዋ ልጅን ስናመሰግን ምን እንላለን? "አንገቷን የደፋች" እንላለን። ልጅቷ ሙገሳውን በቁሙ ወስዳ አንገቷን ትደፋለች፣ ትከሻዋን ትሰበስባለች። ያው ቋንቋችን ደግሞ ቅን የሆነውን ሰው "ቀና ሰው" ይላል። እኔ ክፍል ውስጥ የምጠቀመው ይሄንን ነው። ጨዋነት አንገት በመስበር አይደለም፣ ቀና ብለሽም ጨዋ ነሽ እላቸዋለሁ።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ የምትባል ስዊድናዊት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1849 የተወለደች። ስቶክሆልም ውስጥ ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 ያቋቋመው የጂምናስቲክ ተቋም ነው የተማረችው። በ1881 ለንደን ሄዳ በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች ጂምናስቲክ ኃላፊ ሆነች። የለንደን ድሃ ልጆች ያኔ በጠባብ ክፍል ታጭቀው ነው የሚውሉት፣ ሴት ልጅ መሮጥ ነውር ነው። እሷ መጀመሪያ ያደረገችው መምህራንን ማሠልጠን ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ አልደርስባቸውም፣ መምህርቷን ካሠለጠንኩ ግን እሷ ትደርሳለች ብላ። በ1885 ሃምፕስቴድ ላይ ለሴቶች ብቻ የሆነ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ኮሌጅ ከፈተች፣ በ1895 ወደ ዳርትፎርድ ወሰደችው። ልብሱም ከዚያው ነው የመጣው፦ ከተማሪዎቿ አንዷ ወገብ የማያስር፣ ለመንቀሳቀስ የማያስቸግር ቀሚስ ሠራች፣ ኋላ የእንግሊዝ ሴት ተማሪዎች ዩኒፎርም ሆነ። ልብሱ ሲለወጥ እንቅስቃሴውም ተለወጠ።

እኔ ይሄን ሳነብ የገባኝ ስለ ልብሱ ነው። የእኛ ልጆች ሜዳ የማይወጡት ስንፍና ሆኖ አይደለም። የሚለብሱት የላቸውም፣ ወንዶች ዙሪያውን ቆመው ያዩአቸዋል። እኛ ትምህርት ቤት ሰፊ ሱሪና ረዘም ያለ ቲሸርት ፈቀድን፣ የሴቶቹን ክፍለ ጊዜ ወንዶቹ ክፍል ውስጥ በሚሆኑበት ሰዓት አደረግነው። በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ ዳር ከሚቀመጡት አብዛኞቹ ገቡ።

ደግሞ እስክስታ አለን! ሰው ጎጃም ሆኖ የትከሻ ትምህርት ከውጭ ይፈልጋል? የእኛን እስክስታ ልብ ብላችሁ እዩት። ትከሻው በፍጥነት እንዲመታ ወገብ መርጋት አለበት፣ ደረት መከፈት አለበት፣ አንገት መለቀቅ አለበት። ጎብጠህ እስክስታ አይመታም፣ ሞክሩት። ክፍል ውስጥ ድፍት ብላ የምትውለዋ ልጅ ከበሮ ሲመታ ቀጥ ስትል አይቻለሁ። እኔ አሁን ማሟሟቂያውን በእሱ ነው የምጀምረው። አምስት ደቂቃ እስክስታ፣ ከዚያ "አሁን ትከሻችሁ ያለበትን ቦታ አስታውሱ፣ እዚያው ትታችሁት ተቀመጡ" እላቸዋለሁ።

እታለም

ልጆቼ፣ በቁም ነገር ተወያይታችኋል፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ቢቸና አካባቢ ያደግሁ ነኝ፣ አሁን ልጄ ጋ ባሕር ዳር ነው ያለሁት። የምጽፈውም በእሷ ስልክ ነው።

አንድ ነገር ረስታችኋል። ድሮ ውሃ ብቻችንን አንሄድም ነበር። "አሸክሚኝ" የሚባል ነገር ነበረ። አንዷ እንስራውን አንስታ ጀርባሽ ላይ ታደርግልሻለች፣ ቆመሽ ነው የምትቀበይው። ከመሬት ጋር የምትታገል ሴት አልነበረችም። የመጨረሻዋን ደግሞ መንገደኛ ያሸክማታል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። አሁን ሁሉም በየሰዓቱ ለብቻው ይሄዳል። የጠያቂዋ እናት ጉልበቷ የሚንቀጠቀጠው ከመሬት ብቻዋን ስለምትነሳ ነው።

እኛ ምንጭ ጋ ደግሞ ካብ ነበረ። እስከ ዳሌ የሚደርስ የድንጋይ ካብ፣ ላዩ ጠፍጣፋ። እንስራውን ሞልተሽ ካቡ ላይ ታወጪዋለሽ፣ ዞር ብለሽ ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ፣ ታስሪያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ሳታጎነብሺ። ወንድሞችሽ በአንድ ቀን ደቦ ይሠሩታል። ድንጋይ መቼም በጎጃም ሞልቷል።

ባሕር ዳር ፊዚዮ

እታለም እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ካቡ የተናገሩት እኔ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙ ነገር ይበልጣል። ወገብ በብዛት የሚጎዳው በመሸከሙ መሃል ላይ አይደለም፣ ሲነሳና ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ጀርባ ታጥፏል፣ ሸክሙ ደግሞ ይጎትታል። ካቡ ያንን ቅጽበት ከመንገዱ ያወጣዋል።

እህቴ ማርቆስ፣ እንደ ባለሙያ መጀመሪያ ማለት ያለብኝ ይሄ ነው። እናትሽ እግራቸው ይደነዝዛል? ይዝላል? ሽንት መቆጣጠር ያስቸግራቸዋል? ሕመሙ ሌሊት ተኝተውም አይለቅም? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት አለ? ከእነዚህ አንዱ ካለ አቋም ማስተካከል አይደለም፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ። ቀስ እያለ ጀርባን ያጎብጣል፣ ሰውም "እርጅና ነው" ብሎ ይተወዋል። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፣ በጊዜ ከተያዘ። ዕድሜያቸው 58 ስለሆነ የአጥንት መሳሳትም ይታሰባል። ይሄ ሁሉ ከሌለ፣ አብዛኛው የወገብ ሕመም እንደዚያ ነው፣ ወደ ሥራው እንግባ።

"ከባድ አታንሺ" የሚለው ምክር ለገበሬ ሴት ምክር አይደለም። እኔም ስጀምር እንደዚያ እል ነበር። አንዲት እናት "ታዲያ ማን ያንሳልኝ?" ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን ቀየርኩ። አሁን "ቤትዎ ውስጥ ምን ምን ያነሳሉ? ያሳዩኝ" ነው የምለው። በሕክምና ክፍሉ ጥግ ላይ ባዶ ጀሪካን፣ መጥረጊያና በርጩማ አስቀምጫለሁ።

የማስተምረው ነገር የሞጣዋ እህታችን ከጻፈችው ብዙም አይርቅም። መታጠፊያው ዳሌ ነው፣ ወገብ አይደለም። እናትሽ ጋ እንዲህ ብለሽ ሞክሪው፦ የመጥረጊያ እንጨት ጀርባቸው ላይ በቁሙ አድርጊ፣ የጭንቅላታቸውን ኋላ፣ የጀርባቸውን መሃልና ከመቀነታቸው በታች ያለውን አጥንት ይንካ። አሁን መቀመጫቸውን ወደ ኋላ እየገፉ፣ ጉልበታቸውን ትንሽ አጠፍ አድርገው ይጎንበሱ። እንጨቱ ከሦስቱ ቦታ አንዱን ከለቀቀ ወገብ ታጥፏል ማለት ነው። ይሄን እንጨት ብዙ እናቶች ወደውታል፤ መስተዋት የሌለበት ቤት መስተዋት ሆኖ ያገለግላል። ሌላው፣ ሸክም ከሰውነት በራቀ ቁጥር በወገብ ላይ ያለው ጫና ይበዛል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ወደ ሆድ ተጠግቶ ይነሳ። እያነሱ መጠምዘዝ የለም፣ እግር ነው የሚዞረው።

ሊጡና ምጣዱ ደግሞ ከፍ ይበል። ቡሃቃውን በርጩማ ላይ፣ ምጣዱን መደብ ላይ በተሠራ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ላይ። ይሄ ከየትኛውም እንቅስቃሴ በላይ ያሳርፋል።

መቀነቱን በተመለከተ፣ ከባድ ሲነሳ ይታሰር፣ ደህና ነው። ቀን ከሌሊት ጠፍሮ መዋል ግን ሜንሰንዲክ በኮርሴት ላይ ያነሳችው ነገር ነው፦ ጡንቻው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ እናትሽ ሲያርፉ ይፍቱት።

ይሄን የምታነቡ ሴቶች ስለ አራስነትም ስሙኝ። ከወሊድ በኋላ ከዳሌ በታች ያለው ጡንቻ ደክሞ ነው ያለው። በዚያ ጊዜ ከባድ መሸከም ለማህፀን መውጣት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ እናቶች ደብቀውት ይኖራሉ፣ ወገቤን ብለው መጥተው ስንጠይቃቸው ነው የሚነግሩን። ሕክምና አለው። አራሷን አርባ ቀን እናሳርፋት የሚለው የአያቶቻችን ወግ ትክክል ነው፣ ውሃም ጨምሮ ይሁን።

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ምን እንደተደረገ ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ፊዚዮው የዘረዘራቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ደግነቱ የለባትም። መጨረሻ ላይ ስለ ማህፀን መውጣት የጻፈውን ስጠይቃት ግን ዝም አለች። ማታ እሳት ዳር ስንሆን ነገረችኝ። ታናሽ ወንድሜን ከወለደች ጀምሮ እንደሆነ። ያ ልጅ ዛሬ 19 ዓመቱ ነው። 19 ዓመት ለማንም አልተናገረችም። ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትገባው። እዚህ ባልጠይቅ ኖሮ አላውቅም ነበር።

ካቡን ወንድሜና ሁለት የጎረቤት ልጆች እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሠሩት። እታለም፣ እንዳሉት እስከ ዳሌ ነው ያደረግነው። ገና ጭቃው ሳይደርቅ አንዲት ሽማግሌ ጎረቤታችን ጀሪካኗን አውጥታ ሞከረችበት። ስታስረው ዞራ አየችንና "ይሄ ድሮ ነበር እኮ፣ ማን አፈረሰው?" አለች። ጋሼ ጮቄ፣ አህያውንም እየተነጋገርንበት ነው፣ ወንድሜ ገና እያቅማማ ነው።

መስተዋት ግን እናቴ ቤት የለም። ያለችው የፊት ማሳያ ናት፣ ከመዳፍ አትበልጥም። ስለዚህ በስልኬ ከጎን ቀረጽኳት፣ እንጀራ ስትጋግር። ከዚያ አብረን ተቀምጠን አየነው። መጀመሪያ አላወቀችም ነበር። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ ቆየች።

"ይቺ እናቴን ነው የምትመስለው" አለች። አያቴን ማለቷ ነው። አያቴ መጨረሻ ላይ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትሄደው።

ከዚያ ብዙ አላወራንም። የመጥረጊያውን እንጨት አመጣሁ፣ ጀርባዋ ላይ አደረግሁላት። ሦስት ጊዜ አመለጣት፣ በአራተኛው ያዘችው። መቀመጫዋን ወደ ኋላ ስትገፋ ሳቋ መጣ፣ "አሁን ሰው ቢያይ ምን ይለኛል" አለች። ግን ቡሃቃውን በርጩማ ላይ ያወጣችው እሷ ራሷ ናት፣ እኔ ገና ሳልናገር። ሰኞ ጠዋት መኪና ልይዝ ስነሳ ደግሞ ልብሴን ያዝ አድርጋ አቆመችኝ።

"ስትመጪ እንደገና ቅረጪኝ" አለችኝ። "አሁን ምን እንደምመስል ልየው።"